ድንቹ መጣ፣ ዕውቀቱ ቀረ

አውሮፓውያን ከ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በአሜሪካ አህጉራት ያካሄዱት አሰሳና ቅኝ አገዛዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ስለ መርከብ፣ ስለ ወርቅና ስለ ጦርነት እየተባለ በመሆኑ፣ ለኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ የሩቅ አገር ታሪክ መስሎ ቢታይ አያስገርምም። ይሁን እንጂ በገበያ ቀን አሰላ ላይ ጆንያ ተነጥፎለት የሚሸጠው ድንች፣ ከአጠገቡ የተከመረው ዛላ በርበሬ፣ ቲማቲሙ፣ ቦሎቄው፣ ዱባው፣ እንዲሁም ከዶዶታና ከዝዋይ ዱግዳ ቆላ የሚመጣው በቆሎ፣ ክሪስቶፈር ኮሎምበስ በ1492 አትላንቲክን ከመሻገሩ በፊት በየትኛውም ኢትዮጵያዊ ጓዳ የማይታወቁ የአሜሪካ ተወላጆች ሰብሎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።) የአርሲ ደጋ ከዚያ ወረራ ጋር የተገናኘው በሰው እግር ሳይሆን በዘር ነው። ዘሩ የመጣበት መንገድ ግን፣ እስከ ዛሬ ድረስ በክረምት የድንች ማሳ ላይ የሚታይ ጉድለት አስከትሏል፤ ይኸውም ተክሉ ሲጓዝ፣ ተክሉን ያላመዱት ሰዎች ዕውቀትና የተክሉ ዘመዶች ሁሉ ወደ ኋላ መቅረታቸው ነው።

ከ1492 በኋላ በሁለቱ የዓለም ክፍሎች መካከል የተካሄደውን የሰብል፣ የእንስሳትና የበሽታ ዝውውር አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር አልፍሬድ ክሮስቢ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ «የኮሎምበስ ልውውጥ» ብሎ የሰየመው ሲሆን፣ ስያሜው በዓለም ተቀባይነት አግኝቶ እስከ አሁን ይሠራበታል። ልውውጥ የሚለው ቃል ግን ለሆነው ነገር የዋህ ነው። ልውውጥ በሁለት ፈቃደኛ ወገኖች መካከል የሚደረግ ነገርን ሲያመለክት፣ በአሜሪካ የሆነው ግን ፈንጣጣ፣ ኩፍኝና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ከጦርነትና ከግዳጅ ሥራ ጋር ተደምረው፣ አንዳንድ ጥናቶች 60 ሚሊዮን ገደማ ያደርሱት ከነበረው ሕዝብ ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል በአንድ መቶ ዓመት ጊዜ ውስጥ ማጥፋታቸው ነው። የጎደለውን ጉልበት ለመሙላትም በቀጣዮቹ ዘመናት 12.5 ሚሊዮን የሚሆኑ አፍሪካውያን በመርከብ ተጭነው ወደዚያ ተጋዙ። በቆሎው፣ ድንቹና በርበሬው ወደ ቀረው ዓለም የወጡት በዚህ መካከል ነው።

ኢትዮጵያም ለዚህ ዘመን ፈጽሞ ባዕድ አልነበረችም። አውሮፓውያን ከእስላማዊው ዓለም ጀርባ ይኖራል ብለው ተስፋ ያደረጉበትን ቄሱ ዮሐንስ የተባለ ክርስቲያን ንጉሥ ሲፈልጉ ኖረው፣ በኋላ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው ብለው ስላመኑ፣ የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዳግማዊ ዡዋው ፔሮ ዳ ኮቪልያን የተባለ መልእክተኛ በ1487 በየብስ ወደ ምሥራቅ ላከ። ኮቪልያን በ1490ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ ኮሎምበስ በካሪብያን ደሴቶች መካከል ይቀዝፍ በነበረበት ሰሞን፣ ኢትዮጵያ ደርሶ ከአገር እንዳይወጣ ስለተከለከለ ርስት ተሰጥቶት፣ አግብቶና ወልዶ ቀረ። ወደ ምሥራቅ የተላከው ሰውና ወደ ምዕራብ የቀዘፈው መርከበኛ የአንድ ፍለጋ፣ ማለትም ወደ ህንድ ቅመምና ሀብት የሚያደርስ መንገድ ፍለጋ፣ ሁለት ክንዶች ነበሩ።

ድንች የተላመደው ከ7,000 ዓመታት ያላነሰ ጊዜ በፊት፣ ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ በሚጋሩት የቲቲካካ ሐይቅ አካባቢ ባለው የአንዲስ ተራሮች ደጋ ነው። የዱር ድንች መራራና መርዛም ነው። የአንዲስ ሰዎች በትውልዶች ልፋት መርጠው የሚበላውን ከማይበላው ለዩ፤ መራራውንም ሳይጥሉ የሚበላበትን ዘዴ አገኙለት። ቹኞ የሚባለው ደረቅ ድንች የዚህ ብልሃት ውጤት ነው። በሰኔና በሐምሌ፣ በእነርሱ የበጋ ወራት፣ ድንቹ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ በሌሊቱ ውርጭ እንዲበርድ ይደረጋል፤ ቀን በፀሐይ ሲላላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በባዶ እግሩ እየረገጠ ውኃውን ያስወጣዋል፤ ይህ ለቀናት ከተደጋገመ በኋላ ድንቹ የቀለለና እንደ ጠጠር የጠነከረ ሆኖ ለዓመታት ሳይበላሽ በጎተራ ይቀመጣል። የኢንካ መንግሥት ሠራዊቱን ይቀልብ የነበረው፣ የድርቅ ዓመትንም ያሳልፍ የነበረው፣ በየመንገዱ በሠራቸው ጎተራዎች ውስጥ ባከማቸው እንዲህ ባለ ስንቅ ነው።

ከቹኞም የሚበልጠው ግን የማሳው አዘራር ነው። የአንዲስ ገበሬ በአንዲት ትንሽ ማሳ ላይ በቀለም፣ በቅርጽ፣ በጣዕምና በጠባይ የተለያዩ በርካታ የድንች ዓይነቶችን ደባልቆ ይተክላል፤ አንዱ ውርጭ ሲመታው ሌላው ይቆማል፣ አንዱን በሽታ ሲጥለው ሌላው ይተርፋል። ከማሳው ዳር የሚበቅሉት የዱር ድንቾችም አልፎ አልፎ ከለማው ጋር እየተዳቀሉ አዲስ ጠባይ ያቀብሉታል። በአካባቢው ዛሬም ከ4,000 የሚበልጡ የድንች ዓይነቶች ይገኛሉ። በኢትዮጵያ ደጋ ስንዴና ገብስ ደባልቆ ዱራኝ የሚዘራ፣ ወይም የገብሱን ዝርያ በየመሬቱ ጠባይ ለይቶ የሚያውቅ ገበሬ፣ ይህን አሠራር ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ፍራንሲስኮ ፒዛሮ በ1532 ካሃማርካ ላይ የኢንካውን ንጉሥ አታዋልፓን ሲይዝ የተማረከው ንጉሡ ብቻ አልነበረም። ስፔናውያን በ1545 በፖቶሲ ተራራ ብር ሲያገኙ፣ ሚታ የሚባለውን የኢንካ ዘመን የሥራ ተራ ወደ ግዳጅ የማዕድን ጉልበት ለወጡት፤ ተራራው ውስጥ ገብተው የሚያልቁትን ሠራተኞች ይመግብ የነበረውም ያው ቹኞ ነበር፤ ቹኞ ፖቶሲ ወስደው እየሸጡ የከበሩ ስፔናውያንም ነበሩ። ረኀብን ለማለፍ የተፈጠረ ጥበብ የባርነት ስንቅ ሆነ። ወደ አውሮፓ የተሻገሩት ድንቾች ደግሞ በመርከበኞችና በመነኮሳት ጓዝ የተያዙ ጥቂት ፍሬዎች ነበሩ፤ በ1567 በካናሪ ደሴቶች፣ በ1573 በሴቪያ የሆስፒታል የወጪ መዝገብ ላይ የድንች ስም ይገኛል። ሺዎቹ ዓይነቶች፣ የተደባለቀው ማሳ፣ የዱሩ ዘመድና የማቆያው ዘዴ እዚያው ተራራው ላይ ቀሩ።

የዚህ ዋጋ የተከፈለው አየርላንድ ላይ ነው። ድንች የሚተከለው ከፍሬ በወጣ ዘር ሳይሆን ራሱ ድንቹ ተቀብሮ በመሆኑ፣ ከአንድ ድንች የተራባው ማሳ ሁሉ በተፈጥሮው አንድ ተክል ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። በ1845 ከአሜሪካ የተሻገረው ሌት ብላይት የሚባለው የድንች በሽታ፣ በአመዛኙ ላምፐር የተባለ አንድ ዓይነት ድንች ይበላ የነበረውን የአየርላንድ ድኻ ማሳ በተከታታይ ዓመታት አጠፋው፤ ከእንግሊዝ አገዛዝና ከመሬት ከበርቴው ጭካኔ ጋር ተዳምሮ አንድ ሚሊዮን የሚሆን ሰው ሞተ፤ ከሚሊዮን በላይ ሰውም ተሰደደ። በሽታውን የሚያመጣው ተሕዋስ በሻጋታ መልክ የሚታይ፣ ነገር ግን ከሻጋታ ይልቅ ለውኃ አልጌ የሚቀርብ ነገር ሲሆን፣ በዝናብና በጉም ቀዝቃዛ አየር ይስፋፋል። ይህ መግለጫ የአርሲ ደጋን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ደኅና ወሬ አይደለም።

ወደ ኢትዮጵያ ድንች ያመጣው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር፣ ዘመኑም 1858 ወይም 1859 እንደሆነ ይጠቀሳል። ይህም የአየርላንድ ረኀብ ካበቃ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ መሆኑ ነው። ስሙ ግን ከተክሉ የቀደመ ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የሚለማ፣ አማርኛ ተናጋሪው የወላይታ ድንች ወይም የኦሮሞ ድንች፣ ኦሮሞውም ዲኒቻ ኦሮሞ የሚለው አገር በቀል የሥር ሰብል አለ። ይህ ሰብል የበሶብላ ቤተ ዘመድ ሲሆን፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ግን ከቲማቲም፣ ከበርበሬና በየአጥሩ ሥር ከሚበቅለው እምቧይ ወገን ነው። በቆሎም በአሮጌው አማርኛ «የባሕር ማሽላ» ይባል ነበር፤ መምጫው በስሙ ላይ ተጽፎ ቀርቷል ማለት ነው። ቋንቋው እንግዳውን በዘመድ ስም ጠርቶ ተቀበለው፤ ጠባዩን የሚያስተምር ሰው ግን ከእንግዳው ጋር አልመጣም።

ድንች ከቤተ ሙከራና ከመንገደኛ ወሬ አልፎ በኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ ማሳ የተስፋፋው ከክፉ ቀን በኋላ ነው። ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የደረሰው ታላቅ ረኀብ ሲሆን፣ መነሻውም ጣልያኖች በ1887 በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት ወረርሽኝ ነበር። እዚህ ላይ የአርሲ ታሪክ ከአሜሪካው ጋር የሚመሳሰልበት አንድ መራራ ነጥብ አለ። አርሲ በዚያን ጊዜ በአብዛኛው ከብት አርቢና ፈረሰኛ ሕዝብ ነበር፤ ከ1882 እስከ 1886 የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና ራስ ዳርጌ ባካሄዱት ዘመቻ፣ ጦርና ጋሻ የያዘው የአርሲ ሠራዊት በጠመንጃ እሳት ፊት ብዙ ሰው አልቆበት አዙሌ ላይ ተሸነፈ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ የከብቱ ወረርሽኝ ደረሰ። በሽታው ከዚያ በፊት በአካባቢው ያልታወቀ በመሆኑ ከብቶቹ የሚቋቋሙበት አቅም አልነበራቸውም፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ከብቱ ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሜክሲኮ ፈንጣጣው በ1520 የአዝቴኮች ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን የገባው ከተማዋ በስፔናውያን እጅ ከመውደቋ በፊት ሲሆን፣ በአርሲ ደግሞ ወረርሽኙ የመጣው ከሽንፈቱ በኋላ፣ የሞተውም በቅድሚያ ከብቱ ነው። ልዩነቱ ሊዘነጋ አይገባም። ያም ሆኖ በአገሩ ያልታየ በሽታ በመርከብ ሲመጣ፣ ክንዱ በጦርነት በዛለ ሕዝብ ላይ ምን እንደሚያደርስ ሁለቱም ያሳያሉ። ወተቱ የነጠፈበት ሕዝብ ወደ ማረሻው ይበልጥ እንዲያዘነብል የተገደደበት፣ የጭላሎ ተራራ ግርጌም ከግጦሽ ወደ እርሻ እየተለወጠ የሄደበት ዘመን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የስንዴው ጉዞም ከዚሁ ታሪክ የሚመዘዝ ነው። ስንዴ በአሜሪካ አልነበረም፤ ከአፍሪካ ተወልዶ ሊዝበን የተጠመቀና ሜክሲኮን ከወረረው ስፔናዊ ከኮርቴስ ጋር የዘመተ ሁዋን ጋሪዶ የተባለ ጥቁር ሰው፣ በ1538 ለስፔን ንጉሥ ባቀረበው አቤቱታ ላይ በሜክሲኮ ምድር ስንዴ በመጀመሪያ ዘርቶ ያየ እርሱ መሆኑን አስመዝግቧል። ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ ሜክሲኮ የዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል መቀመጫ ስትሆን፣ ከዚያ የተነሡ አጫጭር የስንዴ ዝርያዎች ከአሰላ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ወደሚገኘው ቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ገቡ። ቁሉምሳ የተቋቋመው፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በመስከረም 1960 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሥራ ከጀመረው ካዱ፣ ማለትም ከጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ጋር ተያይዞ ነው። ምርጥ ዘሩና ማዳበሪያው ምርት ማብዛቱ እውነት ነው፤ ምርቱ አዋጪ ሲሆን ግን ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ማፈናቀላቸውም እውነት ነው፣ ነገሩ የተገታውም በ1967 በኢትዮጵያ አቆጣጠር በወጣው የመሬት አዋጅ ነው። ሰፊ መሬት በአንድ ዓይነት ዘር መሸፈኑም ሌላ አደጋ አለው፤ ከሜክሲኮው ማዕከል የተገኘውና በአርሲና በባሌ ገበሬ ዘንድ እጅግ ተወድዶ የነበረው ኩብሳ የተባለ ስንዴ በ2010 በቢጫ ዋግ ተመትቶ ከባድ ኪሳራ ደርሷል።

ወደ ድንቹ ሲመለሱ፣ የአየርላንዱ በሽታ በዲገሉና ጢጆ፣ በለሙና ቢልቢሎ ወይም በኮፈሌ ደጋ በየክረምቱ የሚታይ ነው። መጀመሪያ በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ሙቅ ውኃ የነካው የሚመስል ፈዛዛ ነጥብ ይወጣል፤ ነጥቡ ቡናማ፣ ከዚያም ጥቁር እየሆነ ይሰፋል። ጤዛ ሳይረግፍ ማለዳ ቅጠሉን የገለበጠ ሰው፣ በጠቆረው ዙሪያ እንደ ዱቄት ብናኝ የሳሳ ነጭ ነገር ያገኛል፤ ይህ ነጭ ነገር በነፋስና በዝናብ ነጠብጣብ ወደ ጎረቤት ማሳ የሚሻገረው የበሽታው ዘር ነው። ዝናቡና ጉሙ ከቀጠለ፣ ለምለም የነበረው ማሳ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠቁሮ ይተኛል፤ ማሳውም ገና ከሩቅ በግም ሽታው ይታወቃል። ገበሬው ማንኮዜብ ወይም ሪዶሚል ገዝቶ በጀርባው በሚያዝለው መርጫ ይረጫል፤ ገንዘቡ ካጠረው ወይም ዝናቡ መድኃኒቱን ካጠበው ግን የቀረውን ቀድሞ ቆፍሮ ማውጣት ነው። ድንች በሦስትና በአራት ወር የሚደርስ በመሆኑ፣ ገብሱ ገና ባልደረሰበት በነሐሴና በመስከረም ጎተራው ሲራቆት የቤተሰቡን ነፍስ የሚያቆየው እርሱ ነው፤ በሽታው የሚመታውም ይህንኑ ወቅት ነው። ብዙ ገበሬ በዚህ ምክንያት ድንቹን በበልግ ዝናብ ወይም በመስኖ ለመትከል ይመርጣል።

መፍትሔው የተገኘው የተክሉ የዱር ዘመዶች ወደሚገኙበት የአሜሪካ ምድር በመመለስ ነው። በሜክሲኮ ደጋ ከሚበቅሉ የዱር ድንቾች አንዳንዶቹ ከበሽታው ጋር ለዘመናት አብረው የኖሩ በመሆናቸው የመቋቋም ጠባይ አላቸው፤ ተመራማሪዎች ይህንን ጠባይ ወደ ለማው ድንች በማዳቀል አሻገሩት። በ1971 ሊማ ላይ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ከእንዲህ ካለው ሀብት ያዳቀላቸውን ዘሮች ለሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ልኮ፣ ከእነርሱ መካከል በኢትዮጵያ አየር ተፈትነው የተመረጡት በ2002 ጃሌኔ፣ በ2006 ጉደኔ፣ በ2009 ደግሞ በለጠ ተብለው ለገበሬው ተለቀቁ። መቋቋሙ ዘላለማዊ አይደለም፤ ተሕዋሱ ራሱን ይለውጣል፣ ዘሩም በአንድ ዓይነት ብቻ ከተስፋፋ ያው የአየርላንድ ማሳ ይሆናል። ስለዚህ ከአንዲስ ያልመጣው ትልቁ ዕውቀት፣ ማለትም ዓይነቱን በአንድ ማሳ ላይ ማብዛት፣ ዛሬም ገና አልመጣም ማለት ይቻላል። ለሊማና ለሆለታ ተመራማሪዎች የሚገባው ምስጋና ሳይጓደል፣ የዘር ሥርጭቱ በአንድ ምርጥ ስም ዙሪያ መሽከርከሩን የአርሲ ግብርና ባለሙያዎች በብርቱ ሊያስቡበት ይገባል።

የዘሩ አያያዝም እንዲሁ ነው። ገበሬው ትልልቁን ድንች ለገበያ፣ መካከለኛውን ለቤት ካዋለ በኋላ ለዘር የሚያስቀረው ደቃቁን ነው፤ ደቃቁ ብዙ ጊዜ ከታመመ ተክል የተገኘ በመሆኑ፣ በሽታው ከዓመት ዓመት እየወረደ ምርቱን ያመነምነዋል። ይህን ለማሻሻል በደጋው ቀበሌዎች የተስፋፋ ቀላል ጎጆ አለ፤ ጣሪያው ሣር ወይም ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ነፋስና ብርሃን የሚያሳልፍ ርብራብ፣ ውስጡም ከእንጨት የተሠራ ባለ ደረጃ መደርደሪያ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ ሳያገኘው ብርሃን የሚነካው የዘር ድንች ቆዳው ይለመልማል፣ ቡቃያውም እንደ ጨለማው ቤት ቡቃያ ነጭና ረጅም መሆኑ ቀርቶ አጭር፣ ወፍራምና ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ለምግብ አይሆንም፣ ሲተከል ግን ፈጥኖ ይቆማል።

በቆሎና በርበሬ ከዚህ የተሻለ ዕድል ገጥሟቸዋል። የሜክሲኮ ሰዎች በቆሎን በኖራ ወይም በአመድ ውኃ ቀቅለው የሚፈጩት፣ በውስጡ ያለው ኒያሲን የሚባል ቪታሚን ለሰውነት እንዲውል ስለሚያደርግ ነው፤ አውሮፓ በቆሎውን ወስዳ ዘዴውን በመተዋ ድኻዋ ፔላግራ በተባለ ቆዳ በሚያሳርርና አእምሮ በሚያስት በሽታ ተሠቃይቷል፣ ስፔናዊው ሐኪም ጋስፓር ካሳልም በሽታውን በ1735 መዝግቦታል። በኢትዮጵያ በቆሎ ከጤፍ፣ ከባቄላና ከወተት ጋር ተቀላቅሎ መበላቱ ተመጋቢውን ከዚህ ችግር ጠብቆት ሊሆን ይችላል። በርበሬም ቢሆን ኮሎምበስ ሲፈልገው በነበረው በቁንዶ በርበሬ ስም ተጠርቶ፣ የወጡ ዋና ሆኖ ቀርቷል።

ውለታው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልተጓዘም። በካሊፎርኒያ የገብስ ማሳዎችን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ፣ በክሽክሽ የሚተላለፍ ቫይረስ በ20ኛው መቶ ዘመን ሲበረታ፣ ማዳኛው የተገኘው ከኢትዮጵያ ደጋ በተሰበሰበ ገብስ ውስጥ ባለ አንድ የመቋቋም ዘረ መል ሲሆን፣ ያ ዘረ መል በየዓመቱ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ምርት አድኗል። ያንን ገብስ ከአባቶቻቸው ተቀብለው ለይተው ያቆዩት ገበሬዎች ስማቸው አልተጻፈም፤ ልክ የአንዲስ ሰዎች ስም እንዳልተጻፈው ማለት ነው። ፔሩ ውስጥ ፒሳክ አጠገብ የድንች ፓርክ ያቋቋሙ የኬችዋ ማኅበረሰቦች በ2004 ከሊማው ማዕከል ጋር ተስማምተው፣ ከዚያ በፊት ከማሳቸው ተሰብስበው የተወሰዱ ከ400 በላይ የድንች ዓይነቶች ወደ መሬታቸው እንዲመለሱ አድርገዋል። አርሲ ላይ የተተከለው በለጠ በአማርኛ ስሙ ቢጠራም፣ በምርምር መዝገቡ ላይ ከሊማ የመጣበት መለያ 393371.58 ተብሎ ተቀምጧል፤ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያሉትን ወላጆቹን ከመራራው ድንች መካከል ለቅመው የመረጡት እናቶችና አባቶች ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም።